የድሮ ሞተር ብስክሌት ፍሬን ሲሻሻል፦ ስለ 1972ቱ ሆንዳ ሲቢ 750 ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከፍራንክፈርት ነው። ጠያቂው እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ ሆንዳ ሲቢ 750 ገዝተው ሞተሩን በሚገባ ቢያሳድሱም ፍሬኑ አላረካቸውም። «የፊቱን ፍሬን ስጨብጠው እንጨት የጨበጥኩ ያህል ይደርቅብኛል፤ የምፈልገውን ያህል ግን አይዝልኝም። በዝናብ ጊዜማ ለአንድ አፍታ ፍሬን የሌለኝ ይመስለኛል» ብለው ጽፈዋል። የሚጠይቁት ሁለተኛ ዲስክ መጨመር ይሻላቸው እንደሆነ፣ ወይስ የዘመናዊ ሞተር ብስክሌት የፊት ክፍል ከነቸርኬው አምጥተው ቢገጥሙ ይሻላቸው እንደሆነ ነው። ይህ ሁሉ በቲዩፍ፣ ማለትም በጀርመን የተሽከርካሪዎች ቴክኒክ ምርመራ ላይ ችግር ያመጣባቸው እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋሉ።

ከምክሬ ልጀምር። ለእርስዎ ሞተር ብስክሌት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ፋብሪካው የሠራው ፍሬን ከሃምሳ ዓመት ዝገትና ቆሻሻ ተላቆ በተሠራበት ቀን እንደነበረው እንዲሠራ ማድረግ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያስብበትና በአነስተኛ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚሰጠው፣ በእጀታው ሥር ያለውን የፍሬን ማስተር (እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱን የሚገፋውን ሲሊንደር) ስፋት ከካሊፐሩ (የፍሬን ሸራዎቹን በዲስኩ ላይ ከሚጫነው ክፍል) ፒስተን ጋር ማመጣጠን ነው። ሁለተኛው ዲስክ ከእነዚህ በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው፤ እሱም ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጉልበት ጉዳይ ሳይሆን በዋናነት የሙቀት ጉዳይ ነው። የፊት ክፍሉን ሙሉ በሙሉ መቀየር ግን አልመክርዎትም።

ሲቢ 750 እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ ሲቀርብ፣ በብዛት ከሚመረቱ ትልልቅ ሞተር ብስክሌቶች መካከል በዘይት ግፊት የሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ በመውጣት ቀዳሚ ነበር። በጊዜው ተፎካካሪዎቹ በአብዛኛው በካቦ የሚሳብ ታምቡር ነበራቸው። 736 ሲሲ ሞተሩ 67 የፈረስ ጉልበት ስለሚሰጥ ያለ ጠንካራ ፍሬን ለመንገድ ማቅረብ አይቻልም ነበር። ዲስኩ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ዲያሜትሩ 296 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በግራው የፊት ሹካ ላይ የተቀመጠው ካሊፐር ወደ 38 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ አንድ ፒስተን ብቻ አለው። አሠራሩን መረዳት ለቀሪው ሁሉ ወሳኝ ነው፦ ፒስተኑ በአንዱ ወገን ያለውን ሸራ ወደ ዲስኩ ሲገፋ፣ በማጠፊያ ላይ እንዳለ በር የሚወዛወዘው የካሊፐር ማቀፊያ በአጸፋው ወደ ሌላው ወገን ይሳብና ሁለተኛውን ሸራ በዲስኩ ላይ ያሳርፋል። ማጠፊያው ከደረቀ ፒስተኑ የሚገፋው ኃይል ከፊሉ ዝገትን በማሸነፍ ያልቃል፤ የቀረውም ዲስኩን ወደ አንድ ወገን ያጎብጣል። «እንጨት የጨበጥኩ ያህል» ያሉኝን ሳነብ በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ይህንኑ ማጠፊያ ነው። ችግሩ አየር ወይም ያረጀ ቱቦ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጀታው የሚለሰልስ እንጂ የሚደርቅ አልነበረም።

የትኛውም ፍሬን ጎማው አስፋልቱን ከሚይዝበት አቅም በላይ ሊያቆም እንደማይችል አስቀድመው ይያዙልኝ። ከባድ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸጋገራል። በእርስዎ ሞተር ብስክሌት በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.45 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 65 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አለ ብለን ብናሰላ፣ ብርቱ በሆነ ፍሬን ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው በፊተኛው ጎማ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለፍሬን ያሰቡትን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የፊተኛው 3.25-19 ጎማ መቼ እንደተሠራ ይመልከቱ። በጎኑ ላይ ካሉት አራት አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ጎማው ገና ጥርስ ቢኖረውም ዕድሜው ከአሥር ዓመት ካለፈ ላስቲኩ ስለሚደርቅ ይቀይሩት። ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት ለመቆም፣ ከመሬት ስበት 0.7 እጥፍ በሚሆን ፍሬን 56 ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ 0.9 እጥፍ ሲሆን ግን 44 ሜትር ይበቃል። የ12 ሜትሩ ልዩነት አንድም ከጎማው፣ አንድም ከእጅዎ ስሜት የሚገኝ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ካሊፐሩን ከማቀፊያው ያላቁት፤ የማጠፊያውን ዘንግ ያውጡና ዝገቱን በጥሩ የአሸዋ ወረቀት አጽድተው ሙቀት የሚችል የፍሬን ቅባት ይቀቡት። በጣትዎ ሲገፉት ያለ ምንም መያዝ መወዛወዝ አለበት፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን መላወስ የለበትም። የሚላወስ ከሆነ ዘንጉን ቶርኖ ቤት ወስደው በልኩ ያሠሩ። ፒስተኑን ለማውጣት ቀላሉ መንገድ ቱቦው ሳይፈታ በራሱ በፍሬን ማስተሩ ግፊት ገፍቶ ማውጣት ነው፤ በኮምፕሬሰር አየር ማስወጣት ፒስተኑን እንደ ጥይት ስለሚያስፈነጥር ጣት ይጎዳል። ፒስተኑ ወጥቶ ቀዳዳ ቀዳዳ የዝገት ምልክት ካሳየ ማሸት አይጠቅምም፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራ አዲስ ፒስተን ይግዙ።

ብዙ ጠጋኞች የሚዘነጉት ጎሚኒው፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ዘይቱን የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት፣ የሚቀመጥበትን ቦይ ነው። ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልስ ስፕሪንግ በካሊፐር ውስጥ የለም፤ የሚመልሰው ጎሚኒው ራሱ ነው። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲሄድ ጎሚኒው በትንሹ ይጣመማል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። ከጎሚኒው በስተጀርባ በቦዩ ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ የአሉሚኒየም ዝገት ሲከማች፣ አዲስ ጎሚኒ ቢያስገቡበትም ፒስተኑን አጥብቆ ስለሚጨብጠው ሸራው ከዲስኩ አይላቀቅም። ይህን ዝገት ጫፉ በታጠፈ ቀጭን መሣሪያ እየፋቁ፣ የቦዩን ጠርዝ ሳይቧጭሩ፣ ብረቱ እስኪያበራ ያጽዱት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰዓት ሙሉ በዚህ ቦይ ላይ ማሳለፍ ከማንኛውም ውድ ዕቃ የበለጠ ጥቅም ሲሰጥ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ጎሚኒውን ሲያስገቡ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም ለፍሬን ላስቲክ በተሠራ ቅባት ብቻ ያርሱት። የሞተር ዘይትም ሆነ ተራ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

በካሊፐሩ ማቀፊያ ላይ ስፕሪንግ ያለው ማስተካከያ ቡሎንና መቆለፊያ ዳዶ ያገኛሉ። ይህ ከፒስተኑ ፊት ለፊት ያለው ሸራ ከዲስኩ የሚርቅበትን መጠን ይወስናል። ዳዶውን አላልተው ሸራው ዲስኩን ነክቶ ጎማው እስኪከብድ ያዙሩት፤ ከዚያ ጎማው በነፃነት እስኪሽከረከር ይመልሱትና ተጨማሪ ግማሽ ዙር መልሰው ይቆልፉት። የሚፈለገው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ቁጥር ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ስለ ማስተሩ ስናገር ይታይዎታል።

በማስተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ ወለል ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ በግልጽ የሚታይ፣ ሌላው እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነ። ዘይቱ በሙቀት ሲለጠጥ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰው በቀጭኗ በኩል ነው። ስትደፈን ግፊቱ በመስመሩ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር ፍሬኑ በራሱ እየያዘ ይሄዳል፤ ሸራው ይቃጠላል፣ ዲስኩም ይሞቃል። በቀጭኑ የጊታር ክር በቀስታ ያጽዷት እንጂ በመሰርሰሪያ አይንኳት። ዘይቱን በተመለከተ ዶት 4 ይጠቀሙ። አዲስ ሲሆን የመፍላት ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ስለሆነ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ከዚህ ጋር አይቀላቀልም። የታንከሩን ቀለም በጨርቅ ሸፍነው ይሥሩ፤ የፍሬን ዘይት ያረፈበትን ቀለም ይልጣል፤ ቢፈስ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ይታጠብ።

ሞተር ብስክሌቱ ላይ ያለው የላስቲክ ቱቦ ከፋብሪካ የመጣው ከሆነ ሳያመነቱ ይጣሉት። ያረጀ ቱቦ በግፊት ጊዜ እየተነፋ ኃይልን ይውጣል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ውስጡ አብጦ እንደ አንድ አቅጣጫ በር መሥራቱና ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ማድረጉ ነው። በማይዝግ ብረት ሽቦ የተሸመነ ቱቦ መግጠም ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፦ በሲቢ 750 ላይ የፊቱ ፍሬን ሲያዝ የኋላውን መብራት የሚያበራው መቀያየሪያ በሹካው ማያያዣ ላይ ካለው የቱቦ መገናኛ ጋር የተሰካ የግፊት መቀያየሪያ ነው። ከማስተሩ እስከ ካሊፐሩ አንድ ወጥ ቱቦ ዘርግተው መገናኛውን ካስወገዱ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። ወይ መገናኛውን ይጠብቁት፣ ወይ የግፊት መቀያየሪያ የተሠራበት የቱቦ ቡሎን ይግጠሙ። የመዳብ ሮንዴላዎቹ በእያንዳንዱ መፈታት አዲስ ይሁኑ።

ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የምሰጠው ለማስተሩ ስፋት ነው። ፍሬን የሚያገኘው የጉልበት ብዜት ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ አንዱ የእጀታው ርዝመት ሲሆን ሌላው የካሊፐሩ ፒስተን ስፋት ለማስተሩ ፒስተን ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የእርስዎ ሞተር ብስክሌት ማስተር 14 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስፋቱ 154 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የካሊፐሩ 38 ሚሊ ሜትር ፒስተን ደግሞ 1,140 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሲካፈል 7.4 ይመጣል። ማስተሩን ወደ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ወደ ግማሽ ኢንች ቢያሳንሱት ቁጥሩ ወደ 9.0 ያድጋል። በተመሳሳይ የጣት ጉልበት ሸራው ዲስኩን 21 በመቶ ያህል የበለጠ ይጫነዋል። በተቃራኒው ከሌላ ሞተር ብስክሌት የተወሰደ፣ ለሁለት ዲስክ የተሠራ 15.9 ሚሊ ሜትር ማስተር ቢገጥሙ ቁጥሩ ወደ 5.8 ይወርድና ፍሬኑ ከነበረበት ይከፋል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ደንበኛ ያረጀ ማስተሩን በአዲስና በሚያምር እንድቀይርለት ጠይቆኝ፣ ስፋቱን ሳልለካ ለሁለት ዲስክ የተሠራውን ገጠምኩለት። እጀታው ጠጠር ብሎ ስለተሰማኝ «አሁን ጥሩ ፍሬን ሆነ» ብዬ አስረከብኩት። ሰውየው በማግስቱ ተመልሶ መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪና ሊገባበት ለጥቂት እንዳመለጠ ነገረኝ። የጠጠረ እጀታና ጠንካራ ፍሬን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማርኩት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ በማስተሩ ጎን የተጻፈውን ቁጥር ሳላነብና ውስጡን ሳልለካ ገጥሜ አላውቅም። እርስዎም የገዙት ሞተር ብስክሌት ላይ ያለው ማስተር የፋብሪካው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቀድሞ የያዘው ሰው ቀይሮት ከሆነ የእንጨቱ ስሜት ምንጭ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ለምን ከዚያም በላይ አናሳንሰውም? ማስተሩ ባነሰ ቁጥር የእጀታው ጉዞ ስለሚረዝም ነው። ሸራዎቹ በሁለቱም ወገን ከዲስኩ 0.15 ሚሊ ሜትር ቢርቁ ፒስተኑ ዲስኩን ለመንካት 0.3 ሚሊ ሜትር መጓዝ አለበት። ለዚህም የ14 ሚሊ ሜትሩ ማስተር 2.2 ሚሊ ሜትር፣ የ12.7ቱ 2.7 ሚሊ ሜትር፣ የ11ዱ ደግሞ 3.6 ሚሊ ሜትር መግፋት ይኖርበታል። እጀታው ይህን በጫፉ ላይ ስድስት ጊዜ ያህል የሚያበዛው ቢሆን በቅደም ተከተል 13፣ 16 እና 22 ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ ማለት ነው። ማስተካከያው ችላ ተብሎ ክፍተቱ በእጥፍ ቢያድግ ይህ ጉዞም በእጥፍ ያድጋል፤ በ11 ሚሊ ሜትር ማስተር እጀታው ወደ መሪው ሊጠጋ ይችላል። የተጣመመ ዲስክም ሸራውን እየገፋ ያርቀዋል። ስለዚህ በአንድ ዲስክ ላይ 12.7 ሚሊ ሜትሩን የምመርጠው የጉልበቱና የጉዞው ሚዛን ለዚህ ካሊፐር ስለሚስማማ ነው። እጅዎ ከሚጠብቀው በላይ ስለሚለሰልስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «አየር ቀርቶበት ይሆን?» ብለው ሊጠራጠሩ ይችላሉ። አየር ከሆነ ደጋግመው ሲጨብጡት ይጠነክራል፤ የማስተሩ ባሕርይ ከሆነ ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ይይዛል።

በዝናብ ጊዜ ስለሚሆነው ነገር እንናገር። የማይዝግ ብረት ዲስክ ውበቱን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ለስላሳ ገጽታው ላይ የሚቀመጠው የውኃ ሽፋን ሸራው ዲስኩን እንዳይነካ ለአንድ አፍታ ያግደዋል። ከዚያ ሽፋኑ ተጠርጎ ፍሬኑ በድንገት ይይዛል፤ አደገኛውም ይህ ድንገተኛነት ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በብረት ዱቄት ግግር የተሠራ ሸራ መጠቀም ነው፤ እርጥብ ዲስክን ከተራው ሸራ ይልቅ ፈጥኖ ይይዛል፤ ዲስኩንም በመጠኑ ይበላል። ሁለተኛው ዲስኩን በማሽን ቤት ማስበሳት ነው፤ ቀዳዳዎቹ ውኃውን ያስወጣሉ፣ ክብደትም ይቀንሳሉ። ይህ ግን በእጅ መሰርሰሪያ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ቀዳዳዎቹ በእኩል ርቀት ተለክተው፣ ጠርዛቸው ተሞርዶና ስንጥቅ እንዳይጀምር ተስተካክሎ መሠራት አለበት። ከዚያ በፊት ውፍረቱን በማይክሮሜትር ይለኩ፤ 5.5 ሚሊ ሜትር ላይ ከደረሰ ዲስኩ ጊዜውን ጨርሷል። ማስበሳቱም ሆነ ማስላጉ ዋጋ የለውም።

በዚህ አጋጣሚ ለጤናዎ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በዚያ ዘመን የተሠሩ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። የኋላውን ታምቡር ሲከፍቱ ያለውን ጥቁር ዱቄት በኮምፕሬሰር አይንፉት፣ በብሩሽም አያቡንኑት። በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ወይም በሳሙና ውኃ አርሰው በጨርቅ ይጥረጉትና ጨርቁን በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉት።

ስለ ሁለተኛው ዲስክ እንመልከት። ሆንዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ሲቢ 750 ኤፍ 2 ላይ ሁለት የፊት ዲስክ ስለገጠመ ሐሳቡ ከዘመኑ የወጣ አይደለም። ቁጥሩን ግን ልብ ብለው ይመልከቱ። ሁለት ካሊፐሮችን ከ15.9 ሚሊ ሜትር ማስተር ጋር ቢያገናኙ የሚገኘው ብዜት 11.5 ነው፤ አንዱን ካሊፐር ከ11 ሚሊ ሜትር ማስተር ጋር ቢያገናኙ ደግሞ 12.0። የእጀታው ጉዞም በሁለቱም ተመሳሳይ ነው ሊባል ይችላል። ከጣትዎ ጉልበት አንፃር ሁለተኛው ዲስክ የጨመረው ነገር የለም ማለት ነው። የሚለየው የሙቀቱ ጉዳይ ነው። ሞተር ብስክሌቱ ከነሾፌሩ 315 ኪሎ ቢሆን፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲቆም ወደ 120 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከዚህ ሦስት አራተኛው ወደ ፊተኛው ዲስክ ከሄደ፣ ሙቀት የሚሸከመው የዲስኩ ክፍል 2 ኪሎ ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ጊዜ ፍሬን ብቻ ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። በከተማ ውስጥ ይህ ችግር አይሆንም። በፍራንክፈርት አቅራቢያ ካለው ከግሮሰር ፌልድበርግ ተራራ ቁልቁል እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ግን፣ በተለይ ከኋላ ሰው ከጫኑ፣ ዲስኩ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ፍሬን ስለሚደረብበት ሸራው መንሸራተት ይጀምራል። ያረጀ ዘይት ካለም ሊፈላ ይችላል። ሁለተኛው ዲስክ ይህን ሙቀት ለሁለት ያካፍላል። በተጨማሪም ኃይሉ በአንዱ የሹካ እግር ላይ ብቻ ማረፉ ቀርቶ ለሁለቱ ስለሚከፋፈል፣ ቀጭኑ 35 ሚሊ ሜትር ሹካ በከባድ ፍሬን ጊዜ የሚጣመመው ይቀንሳል።

ስለዚህ ብቻዎን በከተማና በአጎራባች መንገዶች የሚነዱ ከሆነ አንድ ዲስክ ከ12.7 ሚሊ ሜትር ማስተር፣ ከሽቦ ቱቦና ከጥሩ ሸራ ጋር ይበቃዎታል። ሰው ጭነው ተራራ የሚያዘወትሩ ከሆነ ሁለተኛውን ይጨምሩ። ያን ጊዜ የቀኙ ሹካ እግር የካሊፐር ማሠሪያ ያለው መሆኑን፣ ሞዞውም (የቸርኬው መሃል) በሌላው ወገን ዲስክ ለመቀበል የሚያስችል ልክ እንዳለው ክፍል በክፍል እየለኩ ያረጋግጡ፤ የዲስኩንም ቡሎኖች በሚፈለገው ርዝመት ይቀይሩ። ማስተሩን 14 ወይም 15.9 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። በ14ቱ ብዜቱ 14.8 ስለሚደርስ እጅግ ለስላሳና ኃይለኛ ይሆናል፤ የጠበበ ክፍተትና ቀጥ ያለ ዲስክ ግን ይጠይቃል። ሁለተኛው ዲስክና ካሊፐር በፊተኛው ጎማ ላይ ጥቂት ኪሎዎች እንደሚጨምሩና ጎማው በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ መሬትን የሚከተልበትን ቅልጥፍና እንደሚቀንሱም ይወቁ።

የዘመናዊ ሞተር ብስክሌት የፊት ክፍል ስለመግጠም የጠየቁት ለፍሬኑ ሲባል ብቻ ከሆነ ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። የእርስዎ ሞተር ብስክሌት የመሪ አንግልና 95 ሚሊ ሜትር የሆነው የጎማው ተከታይ ርቀት (የመሪው ዘንግ መስመር መሬት ከሚነካበት ነጥብ ጎማው መሬት እስከሚነካበት ነጥብ ያለው ርቀት) የተሰላው ለ19 ኢንች ጎማና ለዚያ ሹካ ርዝመት ነው። 17 ኢንች ጎማና አጭር ሹካ ሲገባ ሁለቱም ይቀየራሉ፤ በፍጥነት ላይ ያለው እርጋታም አብሮ ይቀየራል። ከዚህም በላይ ሃምሳ ዓመት የሞላው ፍሬም በመሪው አንገት ላይ ከታሰበለት እጅግ የሚበልጥ ጫና ይደርስበታል። ሳይፈርስ የቆየ ሲቢ 750 እየተመናመነ መሄዱም ያሳስበኛል፤ አንዴ ከተቆረጠና ከተበየደ ወደ ነበረበት መመለስ ይከብዳል።

ስለ ኋላው 180 ሚሊ ሜትር ታምቡር ብዙ አልልም። ሸራውን በታምቡሩ ክብ ልክ አስልገው፣ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲያዝ ዘንጉና የታምቡሩ ክንድ ወደ 90 ዲግሪ እንዲጠጉ፣ ግን እንዳያልፉ ያስተካክሉት። የፊቱ ፍሬን በበረታ ቁጥር የኋላው ጎማ እየቀለለ ስለሚሄድ ጠንካራ የኋላ ፍሬን ጎማውን ከመቆለፍ ሌላ ጥቅም የለውም።

ሕጉን በተመለከተ፣ በጀርመን የመንገድ ትራፊክ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት በሌሎች ላይ አደጋ ሊያስከትል የሚችል ለውጥ የተሽከርካሪውን ፈቃድ ያሳጣል፤ ፍሬን ደግሞ በዚህ ረገድ ቀዳሚው ነው። ስለዚህ ቱቦውን ሲገዙ አቤኤ የሚባለውን አጠቃላይ ፈቃድ ወይም ታይለጉትአኽተን የሚባለውን የዕቃ ማረጋገጫ ይዞ የሚመጣውን ይምረጡ፤ ወረቀቱንም ይጠብቁት። ማስተር መቀየርና ሁለተኛ ዲስክ መግጠም በመርማሪ ታይቶ በሰነዱ ላይ መመዝገብ ያለበት ለውጥ ነው። ሞተር ብስክሌትዎ 30 ዓመት ያለፈው በመሆኑ «ሃ» ፊደል ያለበትን የታሪካዊ ተሽከርካሪ ታርጋ ካወጡለት ወይም ለማውጣት ካሰቡ፣ መርማሪው የሚያየው ለውጡ ከዘመኑ ጋር የሚስማማ መሆኑን ጭምር ነው። ከራሱ ከሆንዳ የዚያ ዘመን ዕቃ የተሠራ ሁለተኛ ዲስክ በዚህ በኩል ለማስረዳት ይቀላል፤ የዘመናዊ የፊት ክፍል ግን ታርጋውን ሊያስከለክልዎ ይችላል። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ወደ መርማሪው ቢሮ ሄደው ያሰቡትን በወረቀት አሳይተው ይጠይቁ። ይህን የሚያደርግ ደንበኛ ሲመጣ መርማሪዎቹ በደስታ ሲያስረዱ ነው ያየሁት።

በመጨረሻ አየር ማስወጣቱ ይቀራል፤ የዚህ ሞተር ብስክሌት መስመር መገናኛ ስላለው አየር ይዞ ያስቸግራል። መሪውን አዙረው ማስተሩ ከሁሉ ከፍ ያለው ነጥብ እንዲሆን ያድርጉ፤ ቱቦውንና መገናኛውን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ እያደረጉ አረፋው ወደ ላይ እንዲወጣ ይርዱት። በተለመደው መንገድ ከጨረሱ በኋላ እጀታውን በገመድ ከመሪው ጋር አሥረው ያሳድሩት፤ ጠዋት ሲለቁት ሌሊቱን ሲወጡ ያደሩ ጥቃቅን አረፋዎች ወደ ማጠራቀሚያው ይሄዳሉ። ከዚያ እጀታውን አጥብቀው ለአንድ ደቂቃ ይያዙት፤ በቀስታ እየሰመጠ ከሄደ የማስተሩ ጎሚኒ ያፈሳል ማለት ነውና ወደ መንገድ አይውጡ። አዲሱን ሸራ ለማላመድ ተሽከርካሪ በሌለበት ሰፊ ቦታ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል፣ በየጊዜው በጥቂቱ እየበረቱ፣ በመካከልም እንዲቀዘቅዝ ጊዜ እየሰጡ ይሞክሩት። ዲስኩ በጋለበት ጊዜ ፍሬኑን ጨብጠው አይቁሙ። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ የካሊፐሩን ቡሎኖች ጥብቀትና በመዳብ ሮንዴላዎቹ ዙሪያ እርጥበት መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ አዲሱ ሸራ በመጀመሪያ ፈጥኖ ስለሚበላም ማስተካከያውን ቡሎን ዳግመኛ በግማሽ ዙሩ ሕግ ያስተካክሉት።